ለምድና ልማድ

ባለፈው ታኅሣሥ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በማደሪያችን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰውነቴን በቀዝቃዛ ውሃ ስለቃለቅ፣ አንድ የክፍሌ ልጅ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና፣ «አንተማ ምን አለብህ፤ የጋይንት ሰው! ብርዱን ለምደኸዋል» አለኝ። ሣቅሁ። መሣቅ ብቻ አይደለም፣ ደስ አለኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ አንድ ጣሳ ውሃ ጨመርሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህች «ለምደኸዋል» የምትባል ቃል ሰላም ነሣችኝ። ለምን ደስ አለኝ? ብርዱ እኮ አልቀነሰልኝም። ልጁም ብርድ አይሰማህም ብሎ ሙቅ ውሃ አላመጣልኝም፤ እንዲያውም ስለ ሙቅ ውሃ ማሰብ አያስፈልግም ማለቱ ነበር። እንግዲህ ጥያቄዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠውና አንባቢ ከእኔ ጋር ይጨነቅበት። አንድን ሰው «መከራውን ለምዶታል» ማለት ምስጋና ነው ወይስ ፍርድ?

የተወለድሁት አርብ ገበያ ነው። ታች ጋይንትን የማያውቅ ቢኖር ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል የጉናን ትከሻ ታክኮ ንፋስ መውጫ ይድረስ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይውረድ። ንፋስ መውጫ ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም። ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባባታል፣ ይወጣባታል። አርብ ገበያ ዝቅ ስለምትል ብርዷ ለዘብ ይላል፤ ከእሷ ወዲያ ግን መሬቱ እየተቆረጠ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ በገበያው ቀን ደጋና ቆላ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ደገኛው ገብሱንና ድንቹን፣ ቆለኛው ማሽላውን ጭኖ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ቆለኛው በነጠላው ተጠቅልሎ ሲንዘፈዘፍ እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። እኛ ደግሞ ወደ ቆላ ወርደን ወባ ሲጥለን እነሱ በተራቸው ይስቁብናል። ሁሉም የየራሱን መከራ ለምዷል፤ ሁሉም በሌላው አለመልመድ ይስቃል።

በእረኝነቴ ዘመን የምለብሰው ለምድ ነበር። ለከተሜ አንባቢ ላስረዳና፣ ለምድ ማለት ፀጉሩ ሳይላጭ የለፋ የበግ ቆዳ ነው፤ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር፣ ጣት በቆፈን ደርቆ ጅራፍ መያዝ ሲያቅት፣ ያለ ለምድ ከብት ማውጣት አይሞከርም። አሁን ሳስበው ለምድና ልማድ ፊደላቸው አንድ ነው፤ ለ፣ መ፣ ደ። አንዱ ከትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሌላው ከቆዳ ሥር ይገባል። ለምዱን ማታ አውልቄ ምሰሶው ላይ እሰቅለዋለሁ። ልማዱን ግን ይኸው አዲስ አበባ ድረስ ለብሼው መጥቻለሁ።

አሁን ወደ ወፏ ልምጣ፤ ነገሩን ያብላላልኝ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ወፍ ነውና። ባዮሎጂ የሚያጠና ጓደኛ አለኝ። አንድ ቅዳሜ፣ በአምቦ መንገድ ካለው ከጌፈርሳ ግድብ ዳር ወፍ ልቁጠር ሲል ተከተልሁት። ረግረጋማው ሣር ላይ ሁለት አመድማ ወፎች ይግጣሉ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልሰው ጭንቅላታቸውን ጀርባቸው ላይ አሳርፈው ሲራመዱ፣ ካባ ደርበው ግቢያቸውን የሚዞሩ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። «ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናት» አለኝ ጓደኛዬ፤ «ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አታገኛትም።» እኔ ደግሞ፣ «ይህችማ ይብራ ናት! በልጅነቴ በጉና በኩል ስናልፍ እንዲህ ያሉ አይቻለሁ» አልሁት። እሱ ግን ደብተሩን ገልጦ፣ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም እንዳስተዋወቃት ነገረኝ። እኛ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በሣራችን ላይ ማን እንደሚግጥ ሳናውቅ ነበርን ማለት ነው! ይሁን፣ ይህ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሰማያዊው ቀለም ቆማ ሳለች አይታይም፤ ስትበር ብቻ ከክንፏ ላይ ቦግ ይላል። ለመብረር ግን አትቸኩልም። በእኛ አገር ይብራ የሚበላ ሰው አላየሁም፤ ለዚህ ይሆናል አጠገቧ እስክንደርስ የታገሠችን። ጓደኛዬ ላባዋን እያሳየኝ፣ «ተመልከት፤ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ነው። ለደጋ ቁር የተሠራ ነው። ብርዱን ለምዳዋለች» አለኝ።

ያችው ቃል! «ማን አለማመዳት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም» አለኝ። «አንድም ዝይ ብርድ ለምዳ አታውቅም። ላባዋ የሳሳው ሳትወልድ ሞተች፤ ላባዋ የጠቀጠቀው ወለደች። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም የቀሩት እነዚህ ናቸው።»

ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ዋና ሐሳብ ይኸው እንደ ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያውቃል፤ እኔም ለፈተና አጥንቼው አልፌበታለሁ። በዚያ ረግረግ ዳር ቆሜ ስሰማው ግን እንደ አዲስ ነገር ሆነብኝ። «ለምዳዋለች» ስንል የምንቆጥረው ያሉትን ነው። የሌሉት፣ ማለትም ሳይለምዱ የቀሩት፣ በቃሉ ውስጥ የሉም። የቃሉ ውበት የቆመው በእነሱ ሬሳ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ነገሩ እንደ ከነከነኝ አይቶ፣ «የአንተ ይብራ ከብርድ ጋር ገና ትቀልዳለች፤ ብርድ ማየት ከፈለግህ ይህን አንብብ» ብሎ ስለ ሰሜን ዋልታ ወፎች የሚናገር መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ውስጥ አንዲት የባሕር ወፍ ልቤን ወሰደችው። እንግሊዞች ጊልሞት፣ አሜሪካኖች ሙር ይሏታል፤ ከሁለቱ ዓይነት መንቆሯ ወፈር ያለው ናት። በአማርኛ ስም ስለሌላት እዚህ ሙር ብዬ ልጥራት። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ያህል ነው። ኑሮዋ በረዶ በሚንሳፈፍበት ባሕር ላይ ነው፤ ወደ የብስ የምትወጣው ለመውለድ ብቻ ነው። ጎጆ የሚባል ነገር አታውቅም። ከባሕሩ በላይ በተገተረ ገደል፣ በባዶ አለት ላይ አንዲት እንቁላል ትጥላለች፤ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ እግራቸው ላይ አስቀምጠው ይታቀፏታል። ጫጩቷ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት፣ መብረር ገና ሳትችል፣ ከገደሉ ላይ ወደ ባሕሩ ትዘላለች። አባቷ ተከትሏት ይወርድና ጎን ለጎን እየዋኙ ወደ ደቡብ ጉዞ ይጀምራሉ። (ይህን ለአያቴ ስነግራቸው «እንዴት ያለ ደግ ወንድ ነው!» አሉ። ስለ ገደሉ ምንም አላሉም።)

ሙር ዓሣ ፍለጋ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ ጥልቀት ትወርዳለች። ክንፏ ለመቅዘፍ ስለ ተሠራ አጭር ነው፤ ከዚህ የተነሣ መብረር እጅግ ከሚያደክማቸው ወፎች አንዷ ሆናለች። ለቀዘፋ ያገኘችውን በበረራ ትከፍላለች። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት አሰብሁ። ለአንድ ነገር መልመድ ከሌላ ነገር መራቅ ከሆነ ሒሳቡ መቼ ነው የሚጠየቀው?

የሙር ሒሳብ ተጠይቋል። በካናዳ ሰሜን፣ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ፣ ኮትስ የምትባል ደሴት አለች። ተመራማሪዎች በዚያች ደሴት የሚፈለፍሉትን ሙሮች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል። ሞቃትና ትንኝ የበዛበት ቀን ሲመጣ፣ አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን እንደ ታቀፉ ሞተው ተገኙ። ብርድ አይደለም የገደላቸው፤ ሙቀት ነው። በዚያው አካባቢ ተጠንቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ደግሞ ሙር ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ በሙቀት መጨነቅ እንደምትጀምር አሳይቷል። 21 ዲግሪ! ያ እኮ ለእኛ ለአርብ ገበያ ሰዎች ሽማግሌ ከቤት ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅበት ደስ የሚል ቀትር ነው። ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ያ ሁሉ ሺህ ዓመት የተሸመነ ልብስ በላይዋ ላይ ነደደባት፤ እንደ እኔ ለምድ አውልቃ ምሰሶ ላይ አትሰቅለው ነገር።

ዘመዷ ታላቁ አውክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ዕጣ ደረሰው። እሱ ቀዘፋውን ፍጹም ለምዶ መብረርን ጨርሶ የተወ፣ ቁመቱ ከ70 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ወፍ ነበር። መርከበኞች በየደሴቱ እያረዱ ፈጁት፤ በ1844 እ.ኤ.አ. በአይስላንድ አጠገብ ኤልዴይ በምትባል ደሴት የመጨረሻዎቹ ጥንዶች ተገደሉ። ባሕሩን የመሰለ ቤት ነበረው፤ ሰው የሚባል ነገር ሲመጣ ግን የሚሸሽበት ክንፍ አልነበረውም።

ወደ ሰው ልመለስ። «ሰውም እኮ በአካሉ ይለምዳል» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በዚያ በሳሳ አየር ውስጥ ደማቸው የኦክሲጅን መጠኑን እንደ ቆላ ሰው ጠብቆ እንደሚኖር አሳይቷል። ይህ ድንቅ ነው። ግን ያ አየር ነው። ለረሃብ የሚሆን ላባ በማንም ሰው ገላ ላይ በቅሎ አያውቅም። ለመግል፣ ለዕዳም እንዲሁ። ሰው እነዚህን «ለመደ» ሲባል በአካሉ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ስለ እሱ የምንናገርበት ቃል ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ግራ ጆሮው ይመግል ነበር። በብርድ ጊዜ ይብስበታል፤ በበጋ ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ትኩስ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ታስይዘዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ሌሊት ያለቅስ ነበር። ቆይቶ ማልቀሱን ተወ። ማልቀሱን ሲተው እኛም ነገሩን ተውነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ተቋም ይዤው ሄድሁ፤ ከውሻ ጋር ሲጫወት እጁን ተነክሶ ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን እያየ ሳለ ጆሮውን ልብ አለና «ይህስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሳይሆን እኔ መለስሁ። «እሱን ተወው ዶክተር፤ ለምዶታል» አልሁ።

ሐኪሙ ምንም አልተናገረም። የልጁን ቀኝ ጆሮ በእጁ ከደነና ከበስተጀርባው ሆኖ በስሙ ጠራው። ልጁ አልዞረም። ደግሞ ጠራው። አልዞረም።

እንግዲህ እኔ ነኝ ያልሁት። መንግሥት አይደለም፤ ፈረንጅ አይደለም፤ የከተማ ልጅ አይደለም። ልጁን ያመው ነበር። የለመደው እሱ ሳይሆን እኔ ነበርሁ፤ የእሱን ሕመም የለመድሁት እኔ። ሰዋስውን ብቻ ገልብጬ ተናገርሁ። በማደሪያው የክፍሌ ልጅ «ለምደኸዋል» ሲለኝ ሰላም የነሣኝ ያ «ለምዶታል» እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ሰው በእኔ ላይ ሲለው ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን በሰዋስው እለያየዋለሁ። «ለምጄዋለሁ» አንድ ነገር ነው፤ «ለምዶታል» ሌላ። ሰው ስለ ራሱ «ለምጄዋለሁ» ሲል ከመከራው በላይ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ምስክሩም እሱ ነው። «ለምዶታል» ስንል ግን ምስክሩ ሳይጠየቅ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ የሚገርመው ደግሞ ፍርዱ ሁልጊዜ ለፈራጁ መመቸቱ ነው። «ተመችቶታል» ሲባል እንጠራጠራለን፣ ማስረጃ እንጠይቃለን። «ለምዶታል» ሲባል ማንም ማስረጃ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ቆሜ ብተወው ጥሩ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀጥ አይልም። አያቴን ላምጣ። ባለፈው ዓመት ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ ጋቢ ገዝቼላቸው ወሰድሁ። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። እሳቸው ያንኑ የነተበውን ለብሰው ይውላሉ። «እምዬ፣ ምነው አይለብሱትም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ። እሱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አሉኝ። ክፉ ቀን! ለሰባ ዓመት ሰው ከታኅሣሥ ውርጭ የባሰ ክፉ ቀን የትኛው ነው? እንግዲህ ይህ «ለምጄዋለሁ» የባለቤት ቃል ነው፤ እኔ ልቀበለው ይገባል ብያለሁ። ግን እውነት ነው? ሌሊት ሲያቃስቱ እሰማቸዋለሁ።

አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያነሣው ሐሳብ አለ። ተስፋ የሌለው ሰው ለመኖር ሲል ምኞቱን ራሱን ያሳንሳል፤ ስለዚህ «ደኅና ነህ ወይ?» ብለህ ብትጠይቀው «ደኅና ነኝ» ሊልህ ይችላል፤ መልሱን ብቻ ይዘህ ኑሮው ደኅና ነው ማለት ግን አትችልም። ይህን ሳነብ አያቴ ታዩኝ። ወዲያው ደግሞ ተቆጣሁ። አያቴ ተስፋ የሌላቸው ሰው አይደሉም! በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጆቻቸውን ይዘው ያን ዓመት የተሻገሩ ሴት ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱን። የሁለቱን ስም ዛሬም በተዝካራቸው ቀን ይጠሯቸዋል። «እኛ ረሃቡን ለመድነው» ብለው ግን አንድ ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። ስለ ብርድ ይላሉ፤ ስለ ድካም ይላሉ፤ ስለ ረሃብ አይሉም። ለምን እንደማይሉ አልጠየቅኋቸውም፤ የሚጠየቅም አይደለም። ከሊቁ ይልቅ የእሳቸው ዝምታ ቃሉን በትክክል የመዘነው ይመስለኛል። ለጋቢ «ለምጄዋለሁ» ይባላል፤ ለሞተ ልጅ አይባልም።

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር ትምህርቱ ላይ፣ ድንጋይን አሥር ሺህ ጊዜ ወደ ሰማይ ቢወረውሩት ወደ ላይ መሄድን እንደማይለምድ ያመለክታል። ሰው ግን ደፋር ሥራ እየሠራ ደፋር፣ የፍትሕ ሥራ እየሠራ ፍትሐዊ ይሆናል ይላል። መልመድ ለእሱ የበጎነት መንገድ ነው። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት እደፍራለሁ። ሰው በጎውን በሥራ እንደሚለምድ ሁሉ የሌላውንም ሥቃይ በማየት ብቻ ይለምዳል፤ ይህኛው ልማድ ደግሞ ምንም ሥራ አይጠይቅም፤ አልጋ ላይ ተኝቶም ይለመዳል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ተረት የተነገረው በምትሸመጥጠው ጦጣ ላይ ነው፤ እሷ ስትሸመጥጥ እያየ ዝም ማለትን ስለ ለመደው የእርሻው ጠባቂ ተረት የለንም።

ስለ ጦጣ ካነሣሁ አይቀር በማደሪያችን የሰማሁትን ሌላ ክርክር ልጻፍ። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ውስጥ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። አንድ ማታ ወሬው ወደዚያ ዞረና አንዱ፣ «የዚያ አገር ሰው እርዳታ ለምዷል፤ ማቆም ነው» አለ። ይኸው ልጅ ከአንድ ሳምንት በፊት በሌላ ወሬ፣ «የዚያ አገር ሰው ችግር ለምዷል፤ ጠንካራ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም ያለው በቅንነት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ግሥ። ችግር ስለ ለመደ እርዳታ አያስፈልገውም፤ እርዳታ ስለ ለመደ እርዳታ ሊቆምበት ይገባል። በየትኛውም በኩል ብትይዘው ቃሉ የሚቆርጠው ያንኑ ሰው ነው። ሦስት ወር በልቶ ያደረ ሰው መብላት «ለመደ» የሚባልበት አገር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ተማሪዎች በቀን ሦስት ጊዜ ካፌ እንሰለፋለን፤ ምሳ ለመዱ ተብለን ግን አናውቅም።

ደግሞስ እውነት «የለመደ» ቁጭ ብሎ ይቀራል? የሰሜኗ ሙር እንኳን ባሕሩ ሲጋገር ገደሏን ትታ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ብዙዎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት በኒውፋውንድላንድ አካባቢ ባለው ውቅያኖስ ላይ ነው። የእኛ ሰውም እንዲሁ ነው። የአጨዳ ወቅት ሲደርስ የአርብ ገበያ ጎልማሳ ሁሉ አንሶላውን ጠቅልሎ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ይወርዳል፤ ወባውን እያወቀ። ይህ የለመደ ሰው ሥራ አይደለም፤ አልለምድም ያለ ሰው ሥራ ነው። ጥቂት መንገድ ባገኘ ቁጥር የሚሄድ ሰው ለምዷል አይባልም፤ መንገድ ያጣ ነው የሚባለው። በጉና ላይ ገብሱና ድንቹ ዓመት ዓመት ሽቅብ ሲወጣ፣ አስታውን እየመነጠረ ከጅብራው ሥር ሲደርስ የሚያይ ሰው «ደገኛ ብርዱን ለምዶ ከፍ ብሎ አረሰ» ይል ይሆናል። እኔ ግን ከታች መሬት አልቆበት ነው እላለሁ። ለይብራዋም ከዚያ በላይ የምትወጣበት ተራራ የላትም። ጉና ከ4,100 ሜትር ትንሽ ዘለል ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው።

አዘጋጆቹ አራት ገጽ ብለውኝ ነበር፤ ስቴንስሉን የሚተይብልኝ ጓደኛዬ አሁን በዓይኑ እየገረመመኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጽፌ ልልቀቀው።

በዚህ ዕረፍት አርብ ገበያ ሄጄ ነበር። ወንድሜ አድጓል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ማታ እሳት ዳር ተሰብስበን ሳለ ከውጭ ገባና፣ ምንም ሳይናገር፣ በስተግራዬ መጥቶ ተቀመጠ፤ ቀኝ ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን። እኔም ወሬዬን ሳላቋርጥ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት። ትንሽ ቆይቶ ነው ያስተዋልሁት። ማንም አላዘዘውም፤ እኔንም ማንም አላዘዘኝም። እናቴ ቆሎ እያደረገችልን ነበር። በሐኪሙ ፊት የተናገርሁትን ያስታውስ እንደ ሆነ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ፤ እሱ ግን ቀድሞኝ፣ «ስለዚያች የባሕር ወፍ ለእምዬ ነግረሃቸዋል አሉ፤ ጫጩቷ ስትዘል አባቷ ይጠራታል ወይስ ዝም ብላ ነው የምትዘል?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ላይ ያነበብሁትን ነገርሁት። አባቷ ይጣራል፤ እሷም በዚያ ሁሉ ሺህ ጩኸት መካከል ድምፁን ለይታ ታውቀዋለች። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።